የእትዬ ሰም

"ወይ ጉዴ!" አለች የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰች። የመስታወት ስላይዱ ላይ ቡናማ የሚባል ነገር የለም። በረንዳው ላይ የምትጠብቀው መምህርት ናሙና ብቻ ቢሆን ደህና፤ ከጎኑ ያለው ማነጻጸሪያም ቀለም አልያዘም።

አንዳንዱ የጡት ነቀርሳ ሆርሞን የሚገባበት በር አለው፤ ሐኪሞቹ "ተቀባይ" ይሉታል። በር ያለው ቀለም ሲነከር ቡናማ ይሆናል፤ ያን በር በየቀኑ በኪኒን እየዘጉ በሽታውን ማስራብ ይቻላል። ቀለሙ መሥራቱ እንዲታወቅ ታዲያ በር ያለው ሥጋ አብሮ ይነከራል። እዚህ ላቦራቶሪ ያ ሥጋ የባለሙያዋ የታላቅ እህቷ ዕጢ ነው፤ በሰም ውስጥ ተቀምጧል። እትዬ ኪኒኑን ሳትቀምስ ሞተች።

ጠዋት ጠዋት ሰሙን መቁረጫ ማሽኑ ላይ ስታስር የእትዬን ድምፅ ትሰማለች። "አንቺ ቀጫጫ፣ ዛሬም ልትልጪኝ ነው?" ሌላ ሰው ቢሰማ አበደች ይላል። እሷ ትፈራዋለችም፣ ትናፍቀዋለችም።

የቀረው እንደ ጥፍር የሳሳ ነው። አንዴ ቢቆረጥ ያልቃል።

"ቀለሙ ተበላሽቷል ጋሼ። አዲሱን ከፍቼ ልድገመው።"

"በምን? ሌላ ማነጻጸሪያ የሚመጣው በሚቀጥለው ወር ነው።" የክፍሉ ኃላፊ ሰሙ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሷንስ አትንኪያት፣ የኔ ልጅ። 'አልታወቀም' ብለን እንጻፍ፤ መምህርቷ ትጠብቅ።"

"ሐኪሞቹ ከሰዓት ስለ መድኃኒቷ ይወስናሉ። አልታወቀም ካልን ኪኒኑን አይሰጧትም።"

"አንድ ወር ብትጠብቅ ምን አላት?"

"እትዬንም ትጠብቅ ብለዋት ነበር። መልሱ የደረሰው ከቀብሯ በኋላ ነው።"

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ከእሷ የቀረሽ ይኸው ብቻ ነው እኮ።"

"ይሄ እሷ አይደለም ጋሼ፤ የገደላት ነው" አለች። ራሷም አላመነችውም፤ እንባዋ መጣ።

ሰሙን ማሽኑ ላይ አሰረች።

"በይ እትዬ" አለች ጮክ ብላ፣ ሰው ፊት መሆኗን ረስታ። እስኪመለስላት ጠበቀች። የጠዋቱ ድምፅ አልመጣም። እጀታውን አዞረች፤ የወጣችውን ስስ ቁራጭ ከመምህርቷ ጎን መስታወቱ ላይ አስተኛቻት።