የጓሮው መደብ

«ተይ! እሱን አትንኪ!»

ጨዋታ ካሮቱን በቅጠሉ እንደያዘች ቀና አለች። አፈሩን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ልትገምጠው ነበር። ጨዋታ ስሟ አይደለም፤ ያለ ቀልድ ሰላምታ ስለማታውቅ የማሳው ባለቤቶች፣ ባልና ሚስቱ፣ ያወጡላት ነው። ገበያ ላይ ካሮት ትቸረችራለች፤ ከእነሱ መግዛት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ጭነቱ ቢዘገይባት ራሷ ማሳው ድረስ መጣች፤ ደጅ ላይ ሰው ስታጣ በጓሮ በኩል ዞረች።

«ለአንዲት ካሮት ነው እትዬ?» አለች እየሳቀች። «እኔ እኮ የቤት ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

«እሱ... ለቤት ነው» አለች ሴትየዋ።

«አሃ! ምርጡን ለራሳችሁ ነዋ የምታስቀሩት። ዛሬ ያዝኳችሁ!»

ሴትየዋ ፊቷ ጋለ። ጨዋታ የመሰላት ስስት ነው። ስስት በሆነና በቀለለ።

የጓሮው መደብ ከአንድ አልጋ ብዙም አይሰፋም። የሚጠጣው ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ከተቀመጠው በርሚል፣ የዝናብ ውሃ ነው። ትልቁ ማሳ ግን ከወንዙ በሞተር ይጠጣል። ከላይ ቆዳ ፋብሪካው ከተከፈተ ወዲህ ወንዙ አረፋ ይዞ ይወርዳል፤ አንዳንድ ቀን ይጠቁራል፣ አንዳንድ ቀን እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጀመሪያ ላሟ ከዚያ ጠጥታ ጽንሷን ጣለች። ቀጥሎ የባልየው እግር ከቁርጭምጭሚቱ በታች ተላጠ። ገበሬዎቹ ተሰብስበው አቤት ሲሉ ከወረዳው ሰዎች መጡና ውሃውን በጠርሙስ ቀድተው ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። የጓሮውን መደብ የቆፈሩት ከዚያ በኋላ ነው። ይሄ ለእኛ፣ ያ ለገበያ ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም። ብቻ ድስት ውስጥ የሚገባው ሁሉ ከጓሮ መምጣት ጀመረ።

«ነይ ወደዚህ» አለች ሴትየዋ ክንዷን ይዛ። «ከትልቁ ማሳ የፈለግሽውን ያህል...»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ቆጫት።

ባልየው ወንዙ ዳር ቦቲ ጫማውን አጥልቆ ካሮት ያጥባል። አፈር ያለበት ካሮት ገበያ ላይ ዞር ብሎ የሚያየው ስለሌለ፣ ጆንያ ውስጥ ከነውሃው እያሹ ማጽዳት የቆየ ሥራቸው ነው።

«መጣሽ? ዛሬ ደግሞ በምን ልትነጅሺን ነው?» አላት።

«ሚስትህ ካሮት ከለከለችኝ ጋሼ! ለልጄ ነግሬ ነው የማሳጣችሁ።» ጎንበስ ብላ ከታጠበው ክምር አንድ ስባሪ አነሳች። «እሷ እኮ ጥርስ ያወጣችው በእናንተ ካሮት ነው። ስብርባሪውን ማን ይገዛኛል? ይዤላት ስገባ ስትቆረጥም ነው የምታመሸው። አይጧ ነው የምላት።»

የባልየው እጅ ጆንያው ላይ ቆመ። ወደ ሚስቱ አላየም፤ እሷም ወደ እሱ አላየችም። ልጅ እንዳላት ያውቃሉ። ምን እንደምትበላ ግን ጠይቀዋት አያውቁም።

ጨዋታ ስባሪውን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ተይው» አለች ሴትየዋ። እንደ ቅድሙ አልጮኸችም።

«እንዴ! ይሄም ለቤት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

ሴትየዋ ሰበብ ፈለገች። አልታጠበም እንዳትል ውሃው ገና ይንጠባጠባል። ጨዋታ እርጥብ እጇን አየች፤ ቀጥላ የባልየውን ቦቲ፣ ድንጋዮቹ ላይ ተሰብስቦ የሚርገበገበውን አረፋ። ከዚያ ዞር ብላ ከጣሪያው ሥር ያለውን በርሚል አየች።

«እናንተ ከዚህ አትበሉም» አለች።

ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን እናድርግ? ያለን መሬት ይሄው ነው። ለሰው ብንናገር ማን ይገዛናል?»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?»

ሴትየዋ ይቅርታ ልትል ፈልጋ ተወችውና ወደ ጓሮ ሮጠች። ካሮቱን እፍኝ እፍኝ እየነቀለች፣ ገና ጣት ያላከሉትን ሳይቀር፣ በሽርጧ ሰበሰበች። ስትመለስ ጨዋታ ስባሪውን ክምሩ ላይ መልሳ መንገድ ጀምራለች።

«ለልጅሽ ነው» አለች ከኋላዋ እያለከለከች። «ይሄ ከበርሚሉ የጠጣ ነው። በሞቴ ያዢ።»

ጨዋታ ቆማ ሽርጡ ውስጥ ተመለከተች።

«ቅድም አትንኪ ያልሽኝ ነው» አለች። ቀልድ መስሎ ሊወጣ ይችል ነበር፤ ድምፅዋ ግን ከዳት። ካሮቱን ሳትቀበል እጇን በቀሚሷ ደጋግማ እየጠረገች ሄደች።

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። በማግስቱ ባልየው የታጠበውን ካሮት ለሌላ ነጋዴ ጫነ፤ ሚስቱም ጆንያዎቹን በማንሳት አገዘችው።