በአደራ የመጣው አሰልጣኝ

ወሬው ሲደርሰው ሉሽስ ፔትዌይ የጎድን አጥንቱን ገና አንዴ እንኳ አልገለበጠውም ነበር። ከስታዲየሙ ደቡብ በር ፊት ለፊት ካለው የፒካን ዛፍ ሥር፣ ጨዋታ በዋለ ቁጥር ከአሮጌ በርሜል ያሠራትን መጥበሻ አቁሞ ሥጋ ያጨሳል። ቦታው የእሱ ነው የሚል ወረቀት የለም፤ ሆኖም የሃስኬት ኮሌጅ ሰው የሆነ ሁሉ መኪናውን እዚያ እንደማያቆም ያውቃል።

ቡከር፣ የልጅነት ጓደኛው፣ መነጽሩን ቤት ስለረሳ ስልኩን ክንዱ እስከሚደርስበት አርቆ ያነባል። አነበበና እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበው።

"ሄዷል" አለ በመጨረሻ።

"ማን?"

"ማን ይሆናል? አሰልጣኙ ነዋ፣ ፌርሊ። ትናንት ፈርሟል። ለዛሬው ጨዋታ እንኳ አልቆየም።"

ሉሽስ የመጥበሻውን ክዳን ዘጋ። ወዴት እንደሄደ ጠየቀ፤ ቡከርም ነገረው። በስተሰሜን ወዳለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስታዲየሙ የዚህን አውራጃ ሕዝብ ጠቅልሎ አስገብቶ ገና ቦታ ወደሚተርፈው። የቡድኑን ወርዋሪ ኬንድረልን ሲፈልግ የነበረው ያው ዩኒቨርሲቲ ነው። የቨርሊን ልጅ ወደዚያ እንዳይሄድ፣ እዚሁ እንዲቀር አፉን ሞልቶ የተናገረው ደግሞ ከሉሽስ ከራሱ ሌላ ሰው አልነበረም።

የሃስኬት ደጋፊ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ቡድኑ የሚሸነፍበት ዘመን ከመርዘሙ የተነሳ ሕዝቡ ያን በእጅ የሚወረወረውን የአሜሪካ እግር ኳስ ሊያይ መምጣቱን ትቶታል። የሚመጣው የማርሽ ባንዱን ሊያይ ነው። በእረፍት ሰዓት ከበሮዎቹ ሲገቡ፣ ወይን ጠጅ ካባ የለበሱት ልጆች ጉልበታቸውን እስከ ደረታቸው እያነሱ ሲረግጡ፣ ስታዲየሙ ሙሉ ነው። ባንዱ ከሜዳ ሲወጣ ሕዝቡም የመቀመጫ ትራሱንና ጃንጥላውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ነው። ለቀረው ግማሽ የሚቀሩት የተጫዋች እናቶችና ጥቂት ግትር ሽማግሌዎች ናቸው። ሉሽስ ሕዝቡን ወቅሶ አያውቅም፤ የሚያምረውን አይቶ ከማያምረው መሸሽ ኃጢአት አይደለም ይላል። እሱ ራሱ ግን አንድ ቀንም ከእረፍት በኋላ ተነስቶ ሄዶ አያውቅም። ሟች ሚስቱ ኦዴሳ፣ "አንተማ የማታውቀው ሰው ቀብር ላይም አፈር እስኪለብስ ነው የምትቆመው" ትለው ነበር።

ፌርሊም ልቡን የያዘው በዚሁ ነው። ባለፈው ዓመት በበጋ መጣና በመጀመሪያው ሳምንት ፀጉር ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ዋንጫ አመጣለሁ አላለም። "ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከእረፍት በኋላ ተቀመጡልኝ" አለ። ሉሽስ ፀጉሩን እየተስተካከለ ነበርና አንገቱን ማዞር አልቻለም እንጂ ዞሮ ባቀፈው ደስ ባለው ነበር።

ከዚያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መጣ። በኒው ሳለም መጥምቃውያን ዘንድ ስብከቱ ሲያልቅ መጋቢው እጆቹን ይዘረጋል፤ ከፊት ባዶ ወንበር ይቀመጣል፤ አባል ልሁን የሚል ሰው በመዝሙሩ መሃል መጥቶ እዚያ ይቀመጣል። ፌርሊ ረጅም ቁመቱን ጎንበስ አድርጎ በመተላለፊያው ሲመጣ ምእመኑ በእልልታ ተቀበለው። ዲያቆኑ ሉሽስ ከወንበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ እንደ ደንቡ፣ በጥምቀት ነው የምትመጣው፣ ከቀድሞ ቤተ ክርስቲያንህ በተጻፈ መሸኛ ነው ወይስ በአደራ ብላ ጠየቀችው። ፌርሊም መለሰ። ከዚያ ጭብጨባው፣ ከዚያ ምእመኑ ሁሉ ተሰልፎ ቀኝ እጁን መጨበጡ ሆነ። ሉሽስ ሁለት ጊዜ ጨበጠው።

በዚያው ሰሞን ፌርሊ ከሉሽስ ጋር የቨርሊን ማእድ ላይ ተቀመጠ። ቨርሊን ታልበርት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ናት። ባሏ የሉሽስ የዓሣ ማጥመድ ጓደኛ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሉሽስ በፒክአፑ ይዟት ይመጣል። አንድ ልጇ ኬንድረል ኳስ መወርወር ሲጀምር አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ የሚያየው ልጅ ነበር። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ና ብሎታል። ፌርሊ ደግሞ የተጠበሰውን አምባዛ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ እየበላ፣ እዚያ ወንበር ታሞቃለህ፣ እዚህ ግን ከመጀመሪያው ቀን ኳሱ ያንተ ነው አለው። ወደ እናቱ ዞሮም፣ ልጅሽ እዚህ እስካለ እኔም እዚህ ነኝ አላት።

እሱ ሲሄድ ቨርሊን ሳህን እያጠበች ሉሽስን ጠየቀችው።

"ሰውየው መናገር ይችላል። መናገር የሚችል ሰው ግን የተበሳ ጎማም ሸጦልኛል። አንተ ምን ትላለህ?"

"ቤተ ክርስቲያናችን ገብቷል እኮ፣ ቨርሊን" አላት። "ሊሄድ ያሰበ ሰው አባል አይሆንም። እኔ ዋሱ ነኝ።"

እሷም ሌላ አልጠየቀችም። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በዘመድ በጎረቤት ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኮፍያ ተቀመጠ፤ ልጁ የመረጠውን ኮሌጅ ኮፍያ ይደፋል። ኬንድረል እጁን ወደ አንዱ ልኮ መለሰና የሃስኬትን ወይን ጠጅ ኮፍያ አንስቶ ደፋ። ሉሽስ ያን ቀን አለቀሰ፤ ጉንፋን ነው ብሎም ሸፋፈነው።

ያለፈው ዓመት ተሸነፉ። ዘንድሮ ግን ነገሩ ዞረ። አንዱን አሸነፉ፤ ደገሙ፤ ሕዝቡ ከእረፍት በኋላ፣ መጀመሪያ እንደ ማፈር እያለ፣ ኋላ ደግሞ በግልጽ መቀመጥ ጀመረ። ላም አለኝ በሰማይ ሲል የኖረ ሕዝብ የወተቱን ሽታ ሰማ። ዛሬ፣ በመጨረሻው ጨዋታ፣ የወንዝ ማዶውን ኮሌጅ ቢያሸንፉ ለዋንጫ ይቀርባሉ። አሰልጣኙም የሄደው በዚህ ቀን ዋዜማ ነው።

ቨርሊን ትራሷን በብብቷ ይዛ፣ በሁለት እጇ የኮክ ኬክ ተሸክማ መጣች። ዛሬ ጠዋት ከእህቴ ጋር እመጣለሁ ብላ ደውላለት ነበር፤ ምክንያቱ አሁን ገባው። ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ቡከርን ሰላም አለች፣ ሥጋው ደርቋል አለችው ሉሽስን። ሉሽስ ስለ ፌርሊ አፉን ሊከፍት ሲል፣ "ይጀመራል፣ እንግባ" ብላ ቀደመችው።

የመጀመሪያው ግማሽ ክፉ አልነበረም። ከሜዳው ጎን የቆሙት የፌርሊ ምክትል፣ በዕድሜ የገፉት የመከላከያ አሰልጣኝ፣ ክንዳቸውን አጣምረው ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ኬንድረል ይወረውራል፤ ኳሷ ግን ትሬመይን ጋ ስትደርስ ትወድቃለች። ትሬመይን ከኬንድረል የሚወረወረውን ሁሉ ሲቀልብ የከረመው ልጅ ነው፤ ዛሬ እጁ ሳሙና የተቀባ ይመስላል። በኬንድረል ግራ የሚቆመው ግዙፉ ጠባቂም ደጋግሞ ይዘገያል፤ በዘገየ ቁጥር ኬንድረል መሬት ላይ ይዘረራል።

ቡከር ወደ ሉሽስ ጆሮ ጎንበስ አለ። በስልክ ሲያጣራ የሰማውን ነገረው። ፌርሊ ሌሊቱን ለሁለት ልጆች ደውሎ ተከተሉኝ ብሏል። አንዱ ትሬመይን ነው፤ ሁለተኛው የግራው ጠባቂ። ለኬንድረል አልደወለም። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ወርዋሪ ሞልቶታል።

እረፍት ሆነ። ባንዱ ገባ። ከበሮው ሉሽስ ደረት ላይ ይመታል፤ ዛሬ ግን ሙዚቃው ሳይሆን ሰው በሩን የሚደበድብበት መሰለው። ባንዱ ሲወጣ ሕዝቡ ተነሳ። ዘንድሮ መቀመጥ የለመደው ሁሉ፣ ወሬው ደርሶት፣ እንደ ድሮው ትራሱን ይሰበስባል። አንዱ ሲያልፍ፣ "ዲያቆን፣ ወዳጅህ ፌርሊ ሰላም ብሎሃል" አለው። የሚስቁም ነበሩ።

ሉሽስ ተነሳ። ኮቱን አነሳ። ቡከር አፉን ከፍቶ ያየዋል።

"ቁጭ በል" አለች ቨርሊን፣ ዓይኗን ከሜዳው ሳታነሳ።

"አልችልም።"

"ልጄ ሲገባ ቀና ብሎ የሚያየው ይህን ቦታ ነው። ቁጭ በል።"

ተቀመጠ። ዙሪያቸው ያለው ወንበር ባዶ እስኪሆን ድረስ ቆየችና ድምፅዋን ሳትለውጥ ቀጠለች።

"ጸሐፊዋ ስትጠይቀው ሰምተሃል?"

"የቱን?"

"ወንበሩ ላይ። በጥምቀት፣ በመሸኛ ወይስ በአደራ ስትለው።"

በአደራ የሚገቡት የኮሌጁ ተማሪዎች ናቸው። አባልነታቸውን የትውልድ ከተማቸው ትተው ይመጣሉ፣ እስኪመረቁ በአደራ ይያዛሉ፣ ሻንጣቸውን ሲያነሱ ያበቃል። ትልቅ ሰው፣ ቤት የገዛ ሰው፣ በአደራ ገብቶ አያውቅም። አሁን የፌርሊ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ጥርት ብሎ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ትሑት፣ በአደራ ነው እህቴ የሚል። እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ግን ወንበሩ ላይ ያየው የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

"እኔ ከአራተኛው ረድፍ ሰማሁት" አለች ቨርሊን። "አንተ ሰምተህ እንደሆን ብዬ ፊትህን አየሁ። ታጨበጭባለህ። አጠገቡ የቆመው እሱ ነው፣ ይህ ካላሳሰበው እኔን ምን አሳሰበኝ አልኩ። ቤቴ መጥታችሁ ከሄደ በኋላም የጠየቅኩህ ለዚያ ነው።"

"ቨርሊን፣ እኔ እኮ..."

"ልጄን ለዚያ ሰውዬ አይደለም የሰጠሁት፣ ሉሽስ። እሱን ከየት አውቄው? ለአንተ ነው የሰጠሁት።"

አደራ ጥብቅ ነው የሚለው አባባል፣ እስከዛሬ ሌላውን ሰው እንጂ ሉሽስን ራሱን የሚይዝ አይመስለውም ነበር። ፌርሊ ከድቶታል፤ እውነት ነው። ግን ፌርሊ ቢያንስ በጸሐፊዋ ፊት ሲጠየቅ እውነቱን ተናግሯል። በቨርሊን ወጥ ቤት ሲጠየቅ እውነቱን ያልተናገረው ሌላ ሰው ነው።

ኬንድረል ተጫወተ። በአራተኛው ሩብ፣ ስታዲየሙ ለተጋጣሚው ከበሮ ማስተጋቢያ ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ ልጁ ቡድኑን ከራሱ ሜዳ ጥግ አንስቶ እየገፋ ወሰደው። ሲወድቅ ይነሳል፤ ሲነሳ እያነከሰ ነው። ሉሽስ ሳያስበው ቆሟል። እጁ የቨርሊንን ትከሻ ሊይዝ ሄዶ መሃል ላይ ተመለሰ። የመጨረሻዋ ኳስ ከፍ ብላ፣ አምራ፣ ወደ ጥጉ በረረች። ትሬመይን ብቻውን ነበር። ደረቱን መትታ ወደቀች።

ተሸነፉ።

ልጆቹ የኮሌጁን መዝሙር ሊዘምሩ ባንዱ ፊት ሲሰለፉ ኬንድረል በአጥሩ በኩል ዞሮ መጣ። የራስ ቁሩን በጣቱ አንጠልጥሏል። እናቱን በዓይኑ ሰላም ብሎ ወደ ሉሽስ ዞረ።

"ዲያቆን፣ አሰልጣኝ ለእርስዎ ደውሎልዎታል? ለእኔ የተወው ነገር አለ?"

ቨርሊን ልጇን ትታ ሉሽስን ታየዋለች። ማለት የሚችለው ብዙ ነበር። ሥራ በዝቶበት ይሆናል፣ ነገ ይደውላል፣ አንተን አይረሳም ማለት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ንግግር ከአፉ ሲወጣ ደግሞ ያምርለታል።

"አልደወለም" አለው። "ለትሬመይንና ለግራው ጠባቂ ደውሏል። አንተን አልፈለገህም። ዋሱ ነኝ ብዬ እናትህን ያሳመንኩት እኔ ነኝ፤ የምትናገረው ካለህ ለእኔ ተናገር።"

ኬንድረል አጎነበሰ። የራስ ቁሩን አንዴ፣ ሁለቴ በአጥሩ ብረት ላይ በቀስታ መታ። ለካ ለዚህ ነው አለ፣ ትሬመይን ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ያላየው። ከዚያ መዝሙሩ ሊያልቅብኝ ነው ብሎ ወደ ልጆቹ ሄደ። ቦታው ትሬመይን አጠገብ ነበር፤ እዚያው ሄዶ ቆመ።

"እንዲህ አድርገህ ያኔ ብትነግረኝ" አለች ቨርሊን፣ ቀስ ብላ። ልጇን ልትጠብቅ ወደ ልብስ መቀየሪያው በር ብቻዋን ወረደች።

ከፒካኑ ዛፍ ሥር ቡከር ፍሙን በውሃ እያጠፋ ያወራል። ምክትሉን ያሳድጓቸዋል የሚል አለ፣ የለም ከወደ ጆርጂያ አንድ ሰው ተጠርቷል የሚልም አለ፣ ሰውየው ለመከላከል የሚያክለው የለም አሉ። ሉሽስ የግራው ጠባቂ ከሄደ በዚያ በኩል ማን እንደሚቆም ጠየቀ፤ ጠይቆም በራሱ ተናደደ።

ዕቃውን ፒክአፑ ላይ ሊጭን ሲነሳ ትራሱ እንደቀረ ትዝ አለውና ወደ መቀመጫው ተመለሰ። ጠርዙ የተተለተለው የቨርሊን ወይን ጠጅ ትራስም ከእሱው አጠገብ ነበር። ስትሄድ እጇ ባዶ እንደነበር አሁን አስታወሰ። ረስታው ይሆን ትታው አላወቀም። ይዞት ወረደና ከኋላ ከዕቃው ጋር ሊጥለው ብሎ ተወው። የፊተኛውን በር ከፍቶ፣ እሷ በምትቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጠው።

ቤቷ በመንገዱ ላይ ነው። በሩን ማንኳኳት ሊኖርበት ነው።