አማት ሲሳፈሩ የምትጠፋው መኪና

ልብስ ሰፊዋ እውነት ትወዳለች፤ አማቷን ግን ከእውነት አብልጣ ትወዳለች። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ትቶላት የሄደው እናቱንና ዕድሜዋ ከሚስቱ የማይተናነስ አሮጌ መኪናውን ነው። አማትየው በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አለባቸው። ሆስፒታሉ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ስለሆነ ያለ መኪና የሚታሰብ አይደለም። መኪናዋ ታዲያ ከሁለት ወር ወዲህ አመል አወጣች። ሃያ ደቂቃ ያህል ደህና ትሄድና መሐል መንገድ ላይ ድርግም! ቁልፉን ቢያዞሩት ማስነሻ ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። በሮቿ ተከፋፍተው ግማሽ ሰዓት ከቆመች በኋላ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ዓይኗን በጨው አጥባ ትነሣለች።

አንዱ መካኒክ ካንዴላዎቹን ለወጠ። ሌላው ብልጭታ ሰጪውን ኮይል ለወጠ። ሦስተኛው "የነዳጅ ፓምፑ ባይሆን እጄ ይቆረጥ" ብሎ ፓምፑን ለወጠ፤ ፓምፑ አልነበረም፣ እጁም እስካሁን አለች።

በመጨረሻ መርማሪው ዘንድ ወሰደቻት። መርማሪው ጋራዡ ጠባብ፣ ጥያቄው ሰፊ የሆነ ፀጉረ ሽበት መካኒክ ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው ኮፈን ከመክፈቱ በፊት እንደ ፖሊስ ጣቢያ የባለቤቱን ቃል ስለሚቀበል ነው።

"ስትጠፋ ዳገት ላይ ነበርሽ ሜዳ ላይ?"

"ዳገትም ሜዳም።"

"መስኮቱስ?"

"ዝግ ነው።"

"ከአንቺ ሌላ ማን ነበር ውስጥ?"

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊዋ እውነቱን ልትናገር አሰበችና ተወችው። ብቻዋን ስትነዳ አንድም ቀን ጠፍታባት አታውቅም፤ የምትጠፋው አማቷ ሲኖሩ ነው። ግን ይህን ሰው እንዴት ብሎ ከአፉ ያወጣዋል? አማቴ እግረ ደረቅ ናቸው ከማለት በምን ይለያል?

"ብቻዬን ነበርኩ" አለች።

መርማሪው በተሰጠው ቃል መሠረት ቅዳሜና እሁድን ብቻውን ሲነዳት ዋለ። አልጠፋችም። የካንዴላዎቹን ብልጭታ አየ፣ ነዳጅ የሚረጩትን ኖዝሎች አጸዳ፣ "እንግዲህ ጤነኛ ናት" ብሎ መለሰላት።

ሰኞ ጠዋት አማቷን ይዛ ስትወጣ መኪናዋ ድልድይ ላይ ጠፋች። ሆስፒታል ሲደርሱ ማሽኑ ለሌላ ታካሚ ተሰጥቶ ነበርና ለማግሥቱ ጠዋት ተቀጠሩ። ቤት ሲመለሱ አማትየው ሻርፓቸውን አጣጥፈው አልጋው ላይ አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ከእንግዲህ ይበቃኛል" አሉ።

"ምኑ ነው የሚበቃዎት እማዬ?"

"እጥበቱ። የማላይ መሰለሽ? ብቻሽን ስትሆኚ ትበራለች፣ እኔ ስቀመጥባት ትሞታለች። መኪናዋንም ሰለቸኋት፣ አንቺንም ሰልችቼሻለሁ፤ አፍ አውጥተሽ ባትናገሪም።"

ለክብራቸው ብላ የዋጠችውን ነገር እሳቸው መሰልቸት አድርገው ቆጥረውታል። ያለ እጥበት ስንት ቀን እንደሚቆዩ ሐኪሙ ለሁለቱም ነግሯቸዋል፤ በጣት የሚቆጠር ነው። ልብስ ሰፊዋ በመጣችበት እግሯ ወደ ጋራዡ ተመለሰች።

"ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ። የምትጠፋው አማቴ ሲኖሩ ብቻ ነው።"

መርማሪው በእጁ የያዘውን ጨርቅ ወረወረ። "እና ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብዬ ስዞር ታዪኛለሽ? በይ አሁኑኑ አምጫቸው!"

አማትየው "ጥፋቴን ለማረጋገጥ ከሆነ" እያሉ መጡ። ከፊት ተቀመጡ፣ መርማሪው መሪውን ያዘ፣ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ሆነች። ገና ሳይርቁ አማትየው እንደ ልማዳቸው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት፤ እጥበት ከጀመሩ ወዲህ እግራቸው ሞቆ አያውቅም። ብርድ ልብሳቸውንም ከጉልበታቸው ጀምረው እስከ ዳሽቦርዱ ሥር ወተፉት። መርማሪው በጎን አየና መንዳቱን ቀጠለ። አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ መኪናዋ ጠፋች።

"እሰይ!" አለ መርማሪው።

ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ እጁን ከዳሽቦርዱ ሥር ሰደደና ክብሪት የምታህል ጥቁር ሳጥን ነቅሎ አወጣ።

"ሪሌ ትባላለች። ለፓምፑና ለኖዝሎቹ ኤሌክትሪክ የምታቀብለው እሷ ናት።" ክዳኗን አነሣ። አንዱ ብየዳ ዙሪያውን ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከፀጉር አይወፍርም። "ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲበርድ ይገጥማል። ማሞቂያው ደግሞ እሷው ላይ ነው የሚነፍሰው፤ ብርድ ልብሱ ሙቀቱን ያፍነዋል።"

አማትየው አንገታቸውን ደፉ። "እንግዲያው እኔው ነኝ።"

"እርስዎ ነዎት እንጂ!" አለ መርማሪው፣ ድምፁን ሳያለዝብ። "ስንጥቁ እየሰፋ ሄዶ አንድ ቀን ይቺን ልጅ ብቻዋን፣ ከኋላዋ የጭነት መኪና እየመጣ፣ አውራ ጎዳና ላይ ያቆማት ነበር። እኔን ጨምሮ አራት መካኒክ ያላየነውን ያሳዩን እርስዎ ነዎት።"

"ለማጽናናት ብለህ ነው?"

"እኔ? እኔ ማጽናናት እንደማልችልበት ሚስቴን ይጠይቋት!"

አማትየው ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሳቅ ከሰማች ወራት አልፈው ነበርና ከኋላ ሆና እንባዋን መያዝ አቃታት። መርማሪውን ልታመሰግነው ብላ "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ ደጋግማ አለች። ከዚያ የአማቷን ትከሻ ከኋላ አቀፈች።

"የዋሸሁት እንዳይከፋዎት ብዬ ነው እማዬ። እርስዎ ለእኔ ሸክም ሆነው አያውቁም። እርስዎ ባይኖሩኝ ያ ቤት ምን ይሆንልኝ ነበር?"

"እሺ ልጄ። ከእንግዲህ ግን ክፉውንም ንገሪኝ" አሉ አማትየው እጇን እየዳበሱ። ለነገው ቀጠሮ ግን እሺም እምቢም አላሉም።

መርማሪው ስንጥቁን በመበየጃ ካውያ በየደው፣ ማሞቂያው እየነደደ አንድ ሰዓት ሙሉ ከተማውን አዞራቸው፤ መኪናዋ አልጠፋችም።

በማግሥቱ ልብስ ሰፊዋ ስትነቃ የአማቷ አልጋ ባዶ ነው። በባዶ እግሯ ወደ ደጅ ሮጠች። አማትየው ሻርፓቸውን ተከናንበው፣ ቀበቷቸውን አስረው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠዋል።

"ምን ትጎለቻለሽ?" ብለው ጮኹባት። "ተራዬን ለሌላ ሰው ልታስወስጂብኝ ነው?"