ከታች ሱቅ፣ ከላይ መጽሐፍ

ያኔ ገና አልተጋቡም ነበር። እሷ የፕላን ክፍል ጀማሪ ሠራተኛ ነበረች፤ ቢሮዋን ከጎረቤቱ ቢሮ የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። አንድ ቀን ከግድግዳው ማዶ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ሲከራከር ሰማች።

"ጌታዬ፣ ሰው እኮ መጽሐፍ ብሎ ከቤቱ አይወጣም። ዝናብ ሲያባርረው ይገባል፣ ሰው ቀጥሮ ሲቀርበት ይገባል። ከዚያ እጁ ሥራ ሲፈታ አንዱን ይገልጣል።"

አለቃው የሆነ ነገር መለሱ። ምን እንዳሉ ዛሬ አታስታውሰውም። ብቻ ተሳቀ፤ ሁለቱም ይሳቁ አንዱ ብቻ፣ እሱም ጠፍቷታል።

ያ ሠራተኛ በኋላ ባሏ ሆነ። አሁን ካረፈ ወራት አልፈዋል፤ እሷም የፕላን ኃላፊ ናት። ሊያጽናና የመጣ ሁሉ ራሱ አልቅሶ፣ በእሷ ተጽናንቶ ነበር የሚሄደው። እሷ ግን ደርቃ ቀረች። ጸሎት ስታደርስ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ፈጣሪ የከንፈሩንም ቢሆን ይሰማል ብላ አላቋረጠችም።

አውራጃው ከዓመት ዓመት እየሰፋ ነው። ትናንት እርሻ የነበረው ዛሬ ሰፈር ሆኗል። በሦስት ቦታ አዳዲስ ቤተ መጻሕፍት እንዲሠሩ ተወሰነ፤ ለግንባታው ገንዘብ ተገኘ። ለመብራቱ፣ ለጽዳቱ፣ ለሠራተኛው ደመወዝ የሚሆነው ግን ከየት ይምጣ? መላ የዘየደው የፋይናንስ ኃላፊው ነው። የቀረበለትን ሁሉ ስለሚቆርጥ ቢሮው "መቀስ" ይለዋል፤ በፊቱም ጭምር።

"ከታች ሱቅ፣ ከላይ መጽሐፍ" አለ በስብሰባው ላይ። "ኪራዩ ቤቱን ያኖረዋል። አለዚያ ማን ይክፈል፣ እኔ ከኪሴ?"

"አንተማ ከኪስህ ከሚወጣ ነፍስህ ብትወጣ ይሻልሃል" አለው መሐንዲሱ።

ተሳቀ። ሁሉም ተስማማ። የቀረው የእሷ ፊርማ ነበር።

"ነገ እፈርማለሁ" አለች። ለምን ነገ እንዳለች ለራሷም አልገባትም።

ማታ ቤት ስትደርስ አማቷ ከአሮጌው ቤተ መጻሕፍት እየተመለሱ ነበር። ልጃቸው ከሞተ ወዲህም አብረዋት ይኖራሉ። አሮጌው ቤተ መጻሕፍት በሩ ከመንገዱ እኩል የሆነ ጠባብ የኪራይ ቤት ነው፤ አዲሶቹ ሲከፈቱ ይዘጋል። ሽማግሌው የመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሲደርሱ መቃኑን ያዙ፤ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አወጡ፤ ቆሙ፤ "ተመስገን" አሉና ሌላውን ጎተቱ። ይህን በየቀኑ ያደርጉታል። እሷ ያየችው ግን ዛሬ ነው።

"አባባ፣ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ ነው የሚሆነው" አለቻቸው።

"እንግዲያው ጋዜጣውን በገመድ ታወርዱልኛላችኋ።" ሳቁ፤ ወዲያው ሳቃቸውን ተዉት። "ለነገሩ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ነው የምመለሰው፣ ልጄ። ባልሽ ሲሠራ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ትይዩ ነው የምቀመጠው።"

ማዘን እንደነበረባት አወቀች። ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ራታቸውን አቀረበችላቸው።

ጠዋት መቀስ ቢሮ ገባች።

"ሱቁ ላይ ይሁን፣ መጽሐፉ ታች።"

"ሳሙና ለመግዛት ፎቅ የሚወጣ ሰው አምጪልኝና ዛሬውኑ እሺ እላለሁ።"

"እሺ፣ ሦስተኛው ቦታ ላይ ሱቅ ብቻ እንሥራ። ኪራዩ ሁለቱን ያስተዳድር። ሁለቱ ደረጃ የሌላቸው፣ መንገደኛ ዘው የሚልባቸው ይሁኑ።"

መቀስ የሚቆርጠው ያጣ ይመስል የቦታዎቹን ካርታ ወደ ራሱ ሳበ።

"ሦስተኛው እኮ የእናንተ ሰፈር ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ጎረቤቶችሽ መሬቱን ከየግቢያቸው ቀንሰው የሰጡት ባልሽ በየበሩ እየዞረ ለምኗቸው ነው። ለቤተ መጻሕፍት ብለው እንጂ ለሱቅ ብለው አይደለም።"

"አብሬው ነበርኩ።"

እውነቷን ነው፤ አብራው ዞራለች። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ አጥሯን ወደ ውስጥ ስታስገባ የልብስ ማስጫዋን እንጨት ነቅላለች፤ ዛሬም የደንበኞቿን ልብስ የምታደርቀው ክፍሏ ውስጥ በወንበር ጀርባ ላይ ነው። በተገናኙ ቁጥር "የእኛው ቤተ መጻሕፍት መች ነው?" ትላታለች።

"ያሙሻል" አለ መቀስ። "ባሏ ሲሞት ቃሉን ሸጠችው ይሉሻል።"

"ይበሉኝ።"

"ደግሞ ያለ እነሱ ፈቃድ አይሆንም፤ እንቢ ካሉ የእኔው ይጸድቃል፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መጽሐፍ። ሌላ መውጫ የለኝም።"

"ገብቶኛል። ደብዳቤ ይጻፍላቸው።"

መቀስ ራሱን ነቀነቀ። ድምፁ ከስብሰባው ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "ደብዳቤ አይሆንም፣ እህቴ። ደጃቸው ድረስ ተሄዶ የተለመነ ነገር ነው። ደብዳቤ ብልክ እኔም ሰው አይደለሁም። አንቺ ራስሽ ሂጂ።"

በመስኮቱ መኪና ማቆሚያውን አየች። አንድ ሰው ጎማ ይቀይራል። እስኪጨርስ ድረስ ስታየው ቆየች።

"ቅዳሜ እዞራለሁ" አለች። "ከልብስ ሰፊዋ ቤት እጀምራለሁ።"