በጥርስና በአጥንት መካከል

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «መርፌው» ነው የሚለው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሱም የሚወጋ ሰው ነው። የጥርስ ሐኪም የሆነችው ታላቅ እህቱ ክር በጥርሱ ሲበጥስ ባየችው ቁጥር ትቆጣዋለች፤ እሱ ግን «መቀስ ይጠፋል፣ ጥርስ የት ይሄዳል?» እያለ ይስቅባታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደምትሠራበት ክሊኒክ ሰተት ብሎ ገባና ወንበሩ ላይ ጋደም አለ።

«እታለም፣ በይ ይህችን ነቅለሽ ገላግዪኝ» አለ፣ በስተግራ ያለችውን የታች መንጋጋ ጥርስ እየጠቆመ። «ስነክስ ከጎረቤቶቿ ቀድማ የላዩን ጥርስ ትነካለች።»

«ያምሃል?»

«ህመምስ የለም። የሚገርመው፣ ክር ስይዝባት አይታወቀኝም። ከንፈሬም በዚህ በኩል ደንዝዟል። ትናንት ሻይ በአገጬ ሲወርድ የነገረችኝ ደንበኛዬ ናት። ልጅ ሆኜ ለሃጬን የምትጠርጊልኝ አንቺ ነበርሽ፤ አሁንም ተዘጋጂ!»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጓንቷን አጥልቃ ጥርሱን ነቅነቅ ስታደርገው ተነቃነቀ። ድዱ ግን ጤነኛ ነው፤ አይደማም፣ አልመገለም። ጥርሱም አልተበላም። ነገሩ አልጣማትም። ራጅ አነሳችው።

ምስሉ ሲወጣ አቅርባ አየችው። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንዲያ አይደለም። በጥርሱ ስርና በአጥንቱ መካከል ሁለት ወረቀት በቅጡ የማያስገባ ክፍተት አለ። እዚያ ውስጥ እልፍ ቀጫጭን ጅማቶች ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር አስረው፣ አንጠልጥለው ይይዙታል። ስንነክስ ጫናውን የሚያበርዱት፣ እህል ውስጥ የገባችውን አንዲት አሸዋ እንኳን የሚያሳብቁት እነሱ ናቸው። ራጅ ላይ ጅማቶቹ ራሳቸው አይለዩም፤ የሚታየው ስሩን የምትከብ ቀጭን ጥቁር መስመር ናት።

የወንድሟ መስመር ቀጭን አልነበረችም። ስሩን ከላይ እስከ ታች ከብባ እኩል ሰፍታለች። የሆነ ነገር በጅማቶቹ መሀል እየሰረገ፣ ለራሱ መንገድ እየጠረገ ይመስላል።

ምስሉን ይዛ ወደ ክሊኒኩ ባለቤት ሄደች። እሷን ያስተማሩ አንጋፋ ሐኪም ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ አየት አደረጉት።

«ልብስ ሰፊው ወንድምሽ አይደል? ክር ሲበጥስበት የኖረ ጥርስ ነው። እንዲህ የተንገላታ ጥርስ ዙሪያው ይሰፋል። ትንሽ ሞርደሽ ዝቅ አድርጊለትና ይሂድ።»

ብታምናቸው ደስ ባላት። «ከንፈሩስ፣ ዶክተር? ደንዝዟል እኮ።»

መነጽራቸውን አውርደው እንደገና፣ አሁን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነስተው በሩን ዘጉት። የበሩ መዘጋት ከመልሳቸው በላይ አስፈራት።

«እንዳትነቅዪው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማንም እንዳይነቅለው። ሆስፒታል ሄዶ ናሙና ይወሰድለት።»

ለወንድሟ ግን ይህን ሁሉ አልነገረችውም። «ለጥንቃቄ ያህል ሆስፒታል ሂድ» አለችው ብቻ።

«ለአንዲት ጥርስ ሆስፒታል? አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ!» ብሎ ኮቱን አንስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ስትደውልለት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቢቸግራት ወደ ሱቁ ሄደች። ተዘግቷል። ከጎኑ የሚሠራው ጫማ ሰፊ ቀና ብሎ አያት።

«አሁን ወጣ። እህቴ እንቢ አለችኝ፣ ሌላ ጋ አስነቅላለሁ ብሎ ማዶ ወዳለው ክሊኒክ ገባ።»

መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም። መኪና ጥሩንባ ነፋባት፣ አንዱ ሾፌር ሰደባት። በሩን በርግዳ ስትገባ ወንድሟ አፉን ከፍቷል፤ ወጣቱ ሐኪም ማደንዘዣውን ወግቶ መንቀያውን አንስቷል።

«እባክዎ እንዳይነኩት!»

ሐኪሙ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። ወንድሟ ቀና አለ። እህቱ ስታለቅስ አይቶ አያውቅም ነበር።

«እታለም… ምንድን ነው ያየሽው?»

«ወንድምዓለም፣ አጥንትህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ ጥርስህን ከያዙት ጅማቶች መሀል ገብቷል። የፈራሁት ከሆነ፣ ጥርሱ ሲነቀል መንገድ ነው የምንከፍትለት።»

«ታዲያ ያኔውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ከአፌ ከወጣ እውነት የሚሆን መሰለኝ።»

በዚያው ዕለት አብረው ሆስፒታል ሄዱ። የናሙናው ውጤት የአጥንት ካንሰር ሆነ። ጠጉሩን ያረገፈ መድኃኒት ወሰደ፤ ከዚያ ግራ መንጋጋውን ቆርጠው ከእግሩ በተወሰደ አጥንት ተኩለት። ሲነቃ ያስቸገረው ንግግር ነበር፤ መጀመሪያ ያወጣው ቃል ግን ቀልድ ነው፤ «ከእንግዲህ በእግሬ ላኝክ ነው» አላት። ሳቀች፣ ወዲያው ኮሪደር ወጥታ ተንሰቀሰቀች።

አሁን ወደ ስፌቱ ተመልሷል። አፉ ትንሽ ተጣሟል፤ ደንበኞቹ የሚለው ካልገባቸው ደግሞ ይነግራቸዋል። በየጊዜው ሳንባውን ራጅ ይነሳል፤ እንዲህ ያለው በሽታ ከመንጋጋ ተነስቶ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። በሄደ ቁጥር ሳንባው ንጹሕ ሆኖ ይገኝ ነበር።

ባለፈው ግን ራጁን ተነስቶ፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ከእህቱ ጎን ቁጭ እንዳለ የራጅ ባለሙያዋ ብቅ አለች።

«አንዴ ቢመለሱ? በጎን በኩል ልድገመው።»

«ተንቀሳቅሶ ነው?» አለች እህቱ።

ባለሙያዋ የክፍሉን በር ከፍታ ያዘችለት። መርፌው የላይኛውን ቁልፍ መፍታት ጀመረ። እህቱ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ያዝ አደረጋት።

«አንቺ እዚሁ ቆዪ» አለና ብቻውን ገባ።