ወይኖ፣ ቦቃና ሃያ ሁለቱ ሥዕሎች

በፎገራ ሜዳ በየማለዳው ራሱን በሥዕል የሚመረምር ሰው ከእኔ ከአያልነህ በቀር የለም። ከጎንደር እስከ ዓባይ ድልድይ ቢፈለግም አይገኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሃምሳ ዓመተ ምሕረት ክረምት አንድ ጣሊያን ሾፌር ከጎንደር ጨው ጭኖ ሲመጣ ወረታ ሳይደርስ መኪናው እስከ ሆዱ ጭቃ ገባ። አርባ ሰው ቢገፋው ንቅንቅ አላለም። አርባ ስል ዘጠኝ ይሆኑ ይሆናል፣ ጩኸታቸው ግን የአርባ ነበር። እኔ ወይኖ የሚባለውን በሬዬን አመጣሁ፣ በጠፍር አሰርሁት፣ አንድ ጊዜ «በል!» አልሁት። መኪናው ከነጨው ወጥቶ በሬውን ሊቀድመው ምንም አልቀረው። ጣሊያኑ ከደስታው ብዛት ከደረት ኪሱ ሃያ ሁለት ባለ ሥዕል ካርታ አውጥቶ ሰጠኝ።

ቁማርተኞች የሚጫወቱበት ዓይነት አይደለም። ፀሐይ አለበት፣ ጨረቃ አለበት፣ ኮከብ አለበት፣ ከኮከቡ ሥር ውሃ የምታፈስ ሴት አለችበት። ፋኖስ የያዘ መነኩሴም አለ። ከሥዕሉ ሥር የተጻፈውን የፈረንጅ ፊደል አላነበውም። ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝ፤ ሥዕሉ ይበቃኛል። ጎሕ ሲቀድ በረቱ በር ላይ ካለችው ድንጋይ ቁጭ እልና አንዱን ሳላይ እስባለሁ። «አያልነህ፣ ዛሬ ከዚህ ውስጥ የትኛው ነህ?» እላለሁ። ከዚያ እያረስሁም ሆነ እያረምሁ ቀኑን ሙሉ እሱን ሳስብ እውላለሁ።

የንስሐ አባቴ ሰምተው በቁጣ መጡ።

«ጠንቋይ ሆንህ አሉኝ?»

«አባቴ፣ የማንንም ነገ አልጠይቅበትም። ነገ የእግዜር ነው። ዛሬ እኔ ምን እንደምመስል ብቻ ነው የማይበት።»

አንድ በአንድ አገላብጠው አዩዋቸውና መነኩሴው ላይ ሲደርሱ ቆዩ። «ይህስ ደግ ሰው ይመስላል» አሉ። «በል፣ ሌላ ሰው እንዳታስለምድ።»

ጣጣው የመጣው በሃምሳ ሦስት ከመስቀል በኋላ ነው። ማረው የሚባል አበልጅ አለኝ፤ ልጄን ደሞዝን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። እኔ አንድ በሬ አለኝ፣ እሱ አንድ በሬ አለው። የኔ ወይኖ ከእሱ ቦቃ ጋር ይጠመዳል፤ እንደዚያ ስናርስ ሰባት ዓመታችን። በገበያ ቀን ወረታ ንግሥቲ ጠላ ቤት ከጠጪዎች ጋር ተቀምጬ አንዱ የበሬ ነገር ሲያነሣ እኔ ምላሴን ያዝ ማድረግ አቃተኝ።

«ወይኖ ነው የሚስበው!» አልሁ። «ቦቃማ ከጎኑ ይንሸራሸራል። ቀንበሩን ጥላ ብሎ ነው የሚይዘው!»

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ዘወር ስል ማረው ከበሩ ላይ ቆሟል።

«እንግዲያው ወይኖህ ብቻውን ይረስልሃ!» አለና ጠላ ሳይቀምስ ተመለሰ። በማግስቱ ቦቃን ከበረቴ ፈትቶ ነዳው።

ፎገራን የማያውቅ ሰው ቢኖር ይህን ይወቅ። ክረምት ማሳችን ሐይቅ ነው። መስከረም ሲያልቅ ውሃው ይሸሻል፤ ጥቁሩ አፈር ማረሻ የሚቀበለው ቢበዛ ለአሥር ቀን ነው። ከዚያ ይደርቅና እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ሽምብራ ብትዘራበት ወፍ ይለቅመዋል እንጂ አይበቅልም። ያን ጊዜ ደግሞ በሬ ያለው ሁሉ ተጠማምዷል፤ ትርፍ በሬ የለም። አንድ ወይፈን ለምኜ ከወይኖ ጋር ጠመድሁ። ወይፈኑ ሁለት እርምጃ ሄዶ ጭቃው ላይ ተኛ። እንደ ሙሽራ ብንለማመጠው አልተነሣም።

የመጀመሪያ ቀን የወጣልኝ ሥዕል በአንድ እግሩ ዘቅዝቀው የሰቀሉት ሰው ነው።

«አየሽ፣ ማናዬ?» አልኋት ሚስቴን። «ማረው ነው። ተጸጽቶ ዓለም ተገልብጣበታለች።»

ማናዬ ወተቱን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ አየችው። «እግሩ ያንተን ይመስላል» አለችና ሄደች።

በሁለተኛው ቀን መብረቅ የመታው ግንብ ወጣ፣ ሁለት ሰው ከላዩ ይወድቃል። እኔ የጎንደር ግንብ ነው አልሁ። እሷ የንግሥቲ ጠላ ቤት ነው አለች። ከዚያ ሁለቱን ቀን ደግሞ ምን እንደወጣ አልናገርም፣ አንዱ አህያ የሚመስል ነገር ነበረበት።

በአምስተኛው ቀን ግን አጫጁ ወጣልኝና ዘለልሁ። ረጅም ማጭድ ይዞ እርሻ ላይ ቆሟል። ምሳ ያላመጡለት ይመስል አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቷል። ከእግሩ ሥር የወደቀውን አንዳንዱ የሰው ራስ ነው ይላል፣ እኔ ዱባ ነው እላለሁ።

«ማናዬ! መኸር ነው! ዘንድሮ ጎተራ አይበቃንም!»

አጫጁን ለረጅም ጊዜ አየችው። አልሣቀችም።

«ይጨድ፣ ደግ ነው» አለች። «ምን ዘርተህለት ነው የሚያጭደው?»

አምላክ ምስክሬ ነው፣ በዚህ አገር በክርክር አሸንፎኝ የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ግን ካርታውን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ወደ ማሳው ወርጄ ብረግጠው ዳር ዳሩ ደርቆ መንጣት ጀምሯል።

በስድስተኛው ቀን ሠረገላው ወጣ። ይህ ካርታ የኔ ነው ብዬ የማስበው ነበር፤ ዘውድ የደፋ ሰው ሠረገላ ላይ ቆሞ ይታያል። ስንት ጊዜ ወጥቶልኝ ዓይኔ ከዘውዱ በታች ወርዶ አያውቅም። ያን ማለዳ ወረደ። ፈረሶቹ ሁለት ናቸው። ባለ ዘውዱ ልጓም እንኳ አልያዘም፤ ዝም ብሎ ቆሟል። የሚስቡት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የመኪናውን ነገር ላስተካክል። ያን ቀን መኪናውን ያወጣው ወይኖ ብቻ አልነበረም። ወይኖን ከቦቃ ጋር ጠምደን ነው ያወጣነው። ማረው ከፊት እየመራ ወገቡ ድረስ ጭቃ ገብቶ ነበር። ጣሊያኑም የኔን አንድ እጅና የማረውን አንድ እጅ አንድ ላይ ይዞ ነው ካርታውን ያስጨበጠን። «አንተ ፊደል አልቆጠርህ፣ እኔ ላስቀምጥልህ» ብዬ ወሰድሁት፤ እኔ ራሴ ለማላነበው ፊደል።

ካርታዎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ውሃ ያቆረውን እየተሻገርሁ ማረው ቤት ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ጠፍር ያለፋል።

«ደኅና አደርህ፣ አበልጅ?»

«እግዜር ይመስገን። ወይኖስ? ብቻውን አርሶ ጨረሰ?»

«ወይኖ ታሟል።» ወዲያው አፈርሁ። «አልታመመም። እኔ ነኝ ያመመኝ።»

«የቱ ጋ? ምላስህ ላይ?»

«እሱው ላይ።»

ጠፍሩን አስቀመጠ። ከዚያ «የሰደብኸኝ እዚህ አይደለም» አለ። «ነገ ገበያ ነው። ቦቃን የሰደብህበት ቤት ሄደህ አክብረው። ከዚያ እናያለን።»

በማግስቱ ንግሥቲ ቤት ሰው ጢም ብሏል። ማረው ጥግ ተቀመጠ። እኔ ተነሣሁ።

«ሰዎች! ስለ ቦቃ የተናገርሁት ውሸት ነው። የጣሊያኑን መኪና ያወጣው ቦቃ ነው! ያ መኪና ተራራ ያህላል፣ ቦቃ እንደ ላባ አነሣው! ወይኖማ ዝንብ እሽ ሲል ነበር!»

ቤቱ እንደገና በሣቅ ፈረሰ። ንግሥቲ ከማድጋው በኩል፣ «አሁንስ ቦቃ ክንፍም ሳያበቅል አይቀር!» አለች።

ማረው ግን አልሣቀም። «ኧረ በቃህ! አሁን ደግሞ ወይኖን አዋረድኸው። እሱ ምን በደለ? እኩል ሳቡ በል።»

«ቦቃ በጣም ነው የሳበው እኮ፣ አበልጅ…»

«እኩል በል።»

አርባ ሁለት ዓመት ስኖር ይህን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ጠላ ጠጣሁበት።

«እኩል ሳቡ» አልሁ።

ማረው ፈገግ አለ። «ይኸው፣ አልሞትህም» አለና ዋንጫውን አቀበለኝ። እዚያው መደቡ ላይ ሃያ ሁለቱን ዘርግተን አሥራ አንድ አሥራ አንድ ተካፈልን። ሠረገላው ለእሱ ደረሰ። እንለዋወጥ ብዬ ብለምነው «የለም» አለ።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ቦቃ በረቴ ደጅ ቆሞ ነበር። ሦስት ቀን አርሰን ሽምብራችንን ዘራን፤ ከኔም ከእሱም ማሳ የነጣው ዳሩ ብቻ ቀረብን። ከዚያ ወዲህ እኔ ካሥራ አንዱ አንዱን እስባለሁ፣ እሱም ካሥራ አንዱ አንዱን ይስባል፤ ትልሙ ጫፍ ላይ በሬዎቹን ስናሳርፍ አንዳችን ለአንዳችን እናሳያለን። ስለራሴ ያላየሁትን እሱ ያይልኛል። ዛሬ ዘቅዝቀው የሰቀሉት ሰው ወጣልኝና «እግሩ የማን ይመስላል?» አልሁት።

«ያንተ» አለ ሳይዘገይ። «ፊቱን ግን እየው እስቲ። ደኅና ነው፣ አልከፋውም።»

እውነቱን ነው፤ ልብ ብዬ አላየሁትም እንጂ ፊቱ ላይ ሣቅ ብጤ አለ።

ያ ሽምብራ? ከቁመቱ የተነሣ ፍየል ገብታበት ሦስት ቀን ጠፋች። ማረው ይህን ሳነብለት «እስከ ጉልበት ብቻ ደርሷል ብለህ ጻፍ» ብሎኛል፤ ጽፌአለሁ። የማረው ጉልበት ግን ከሌላ ሰው ጉልበት ከፍ ይላል።