መቶ ሃያ ስምንት እንግዶች

በጋሽ ሀብተ ማርያም ለቅሶ ላይ ስለ እሳቸው ብዙ ተወራ። የስልክ ቴክኒሻን ሳሉ በዝናብ ምሰሶ ላይ ወጥተው መስመር ይቀጥሉ እንደነበር፣ በዕድር ዳኝነታቸው ሰው እንዳላስቀየሙ ተነገረ። ከርነላቸውን ግን ያነሣ አልነበረም። እኔም አላነሣሁትም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ከርነል የሚያወራ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። እዚህ ግን ልጻፈው።

ከርነል ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን ሁሉ የሚቀሰቅስ ፕሮግራም ነው። ሰው ሁሉ የተዘጋጀውን ይጭናል። ጋሼ ግን ጡረታ ሲወጡ “በሰው ከርነል ተከራይቼ አልሞትም” ብለው የራሳቸውን መጻፍ ጀመሩ። ማንም አላስተማራቸውም። እኔንም ያስተማረኝ የለም፤ በአባቴ በአብዱልቃድር ሱቅ ጀርባ ስልክ እጠግን ነበር። አንድ ቀን ስልካቸውን ሊያሠሩ መጡና ስለ ሜሞሪ ስንከራከር ዋልን። ከዚያ ወዲያ ከርነሉ የሁለታችን ሆነ።

የሚነሣው በእሳቸው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነበር። ላፕቶፑ አራት ኮር አለው፤ አራት አእምሮ በሉት። አራቱ ነቅተው ስክሪኑ ላይ “ተሰብስበናል” የሚለው ጽሑፍ ሲወጣ ጋሼ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይደሰታሉ። የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከርነላቸውን ትልቅ ማሽን ላይ ማየት።

ባለፈው ክረምት በከተማችን በቦንጋ ለሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት መቶ ሃያ ስምንት ኮር ያለው ሰርቨር የሚባል ትልቅ ማሽን መጣ። ሊተክለው ከአዲስ አበባ የመጣው ደጀን ቻርጀር ሊገዛ ሱቃችን ሲገባ ለመንኩት። ዲስኩን ሳንነካ የጋሼን ከርነል ከፍላሽ ብናስነሣበትስ?

“ነገ እስከ ምሳ ሰዓት ተጫወቱበት” አለኝ። “ከምሳ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ሲስተም እጭናለሁ። ከዚያ ማንም አያጠፋውም።”

ጋሼ ደግሞ ከዚያ በማግስቱ ጅማ የልብ ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ሌላ ቀን የሚባል ነገር እንደሌለ ሁለታችንም ሳንነጋገር አውቀነዋል።

በነጋታው ጠዋት በባጃጅ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሽቅብ ወጣን። ጋሼ ኮት ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ነበር።

“ጋሼ፣ ማሽን ልናስነሣ ነው ወይስ ሽምግልና ልንሄድ?” አለ ደጀን።

“ሁለቱም ትዕግሥት ይፈልጋል” አሉት።

ፍላሹን ሰካሁ። ሰርቨሩ እንደ ወፍጮ አጓራ። የመጀመሪያው ኮር ነቃ፤ ሌሎቹን ጠራ፤ ጠበቀ። ከዚያ ጋሼ ራሳቸው የጻፉት የስሕተት መልእክት ወጣ፦ “የጠራኋቸው አልተሟሉም። በሩን ዘግቻለሁ።” ማሽኑ ቀጥ አለ።

ደጀን ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ማሽን ሲያኮርፍ ገና ዛሬ ማየቴ ነው!”

ደግመን አስነሣነው፤ ያው። አራት ኮር ብቻ እንዲጠራ ስናዘው ወዲያው ተነሣ። አሥራ ስድስት ስንለውም ተነሣ፤ ትንሽ ተግደረደረ እንጂ። ስልሳ አራት ስንለው በሩን ዘጋ።

“የሚጠብቅበትን ጊዜ እናርዝምለት” አልኩ።

“የዘገዩበትን ሳናውቅ ጊዜ ብንጨምርላቸው መዘግየትን ማስለመድ ነው፣ ልጄ።”

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሲቆም እያንዳንዱ ኮር የትኛው የፕሮግራሙ ክፍል ላይ እንደነበር እንዲጽፍ አደረግኩ። መቶ ሃያ ስምንቱንም ጠርተን አየን። ከአርባ የሚበልጡት ገብተው ተቀምጠዋል። የቀሩት በሙሉ አንድ ስፍራ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ የስፍራው ስም “ሰላምታ” ይላል።

“ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

“ሰላምታ ነዋ። አንቺ ሳትመጪ በፊት የጻፍኩት ነው። አዲስ የነቃ ኮር ቀድመውት የነቁትን አንድ በአንድ ሰላም ይላል። እያንዳንዱ እስኪመልስለት ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቀመጣል።”

“ለምን?”

“ለምን ትያለሽ? ዝም ብሎ ዘው ይላል እንዴ? ደግሞም ያልመለሰው እንደታመመ ይታወቃል።”

ደጀን ግድግዳ ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም አልቻልኩም። አራት ሰው ባለበት ቤት ሁሉን መጨበጥ ምንም አይደለም። እዚህ ግን ኋላ የመጣው ከመቶ በላይ ሰው እየዞረ ደህንነት ሲጠይቅ፣ ከኋላው ያለው ተራውን ሲጠብቅ፣ የጠራቸው ኮር ተስፋ ቆርጦ በሩን ይዘጋል።

“በቃ፣ እናውጣው” አልኩ።

“አይወጣም።”

“ጋሼ!”

“ሰላምታ የሌለበት ቤት አልሠራም። ከዚያ ይልቅ ሳይነሣ ይቅር።”

ደጀን ሰዓቱን አየ። “ጋሼ፣ እኩለ ቀን እየደረሰ ነው” አለ፤ አሁን አልሳቀም። እኔም ፈራሁ። እኚህ ሰው ያሉትን ያደርጋሉ፤ ለሰላምታ ሲሉ የዕድሜ ምኞታቸውን ትተው ጅማ ይሄዳሉ።

“የእህቴ የአሚናት ሰርግ ላይ ዘግይተው ነበር የመጡት” አልኳቸው።

“ዝናቡ ነው ያዘገየኝ። ምነው፣ አሁን ነው የምትወቅሺኝ?”

“ዳሱ ጢም ብሎ ነበር። ሁሉንም ጨበጡ?”

“እንዴት ብዬ! ምግቡ ሊቀዘቅዝ? በሩ ላይ ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ እንደምን ዋላችሁ አልኩ። ሁሉም ባንዴ…”

ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

“ቅር ያለው ሰው ነበር?”

ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡና በሁለት ጣታቸው መምታት ጀመሩ። የሚገባው ኮር በር ላይ ቆሞ ለሁሉም አንድ ጊዜ ሰላምታ እንዲያቀርብ፣ የተቀመጡትም በአንድ ምት እንዲመልሱለት፣ ያልመለሰ ካለ እንዲታወቅ አድርገው ጻፉት። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፤ ሁለቱንም ጊዜ እኔን ተቆጡ።

እንደገና አስነሣን። ቁጥሮቹ ስክሪኑን ሞልተው እንደ ጠጠር ወረዱ። ሠላሳ፣ ሰባ፣ መቶ… “ተሰብስበናል።”

ጋሼ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው የመጨረሻውን ቁጥር ነኩት፤ ያለ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስል።

“አጥፍቼ ልድገመው?” አለ ደጀን። ደገመው። ሦስተኛም አስነሣው።

ከዚያ እኔ ሁሉም ኮሮች የሚሽቀዳደሙበት ትንሽ የቁጥር ሥራ ጻፍኩላቸው። ጋሼ ሰባተኛውን ኮር መረጡ፣ ደጀን መቶ አሥረኛውን፤ ተሸናፊ ምሳ ሊጋብዝ ተወራረዱ። የምሳ ሰዓት አለፈ። የመሥሪያ ቤቱ ሲስተም ያለበት ፍላሽ ከደጀን ኪስ አልወጣም። ሰባተኛው ኮር ሲቀድም ጋሼ ሁለት እጃቸውን አንሥተው ጮኹ። እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ዘበኛው በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። “ማን ነው ጎል ያገባው?”

ደጀን ዞሮም አላየው። “ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄኛው አይቆጠርም” እያለ አዲስ ኮር ይመርጥ ነበር።